ሞተርሆሙ መብራት አለው፣ ምጣዱ ግን አልግል አለ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ የምግብ ቤት ባለቤት እንጂ ኤሌክትሪሺያን አይደለሁም። ኮሌጅም ቢሆን ጀምሬ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ግን ከሃያ ዓመት በላይ ኩሽና ውስጥ የቆመ ሰው መላ መምታት ይለምዳል። ቅዳሜ ማታ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ ፍሪጅ ቢጠፋ፣ ጠጋኙ የሚመጣው ሰኞ ነው። እስከዚያ ድረስ ራሳችሁ ናችሁ።

ባለፈው መስከረም ሬስቶራንቱን ለሦስት ቀን ዘግተን፣ ሞተርሆም ተከራይተን ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለው ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሄድን። አምስት ነበርን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና እናቴ። እማዬ ስኳር ስላለባት ኢንሱሊኗ የሚቀመጠው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለእኛ የመኪናው ፍሪጅ የለስላሳ ማቀዝቀዣ ብቻ አልነበረም። የመከሩን ወቅት ጠብቃችሁ እንዲህ ያለ ጉዞ ለማድረግ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እኛ ተጨንቀን የተማርነውን እናንተ ሳትጨነቁ እንድታውቁት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ጣርማበርን ያስታወሰን መንገድ

ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ ፍሮንት ሮያል ከምትባል ከተማ ይጀምርና በብሉ ሪጅ ተራሮች አናት ላይ 105 ማይል ይሄዳል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ35 ማይል አይበልጥም፤ ማንም ደግሞ አይቸኩልም። ወደ ደቡብ ስትነዱ የሸናንዶዋ ሸለቆ በስተቀኛችሁ ተዘርግቶ ይታያል። በየጥቂት ማይሉ መኪና አቁማችሁ የምታዩበት ቦታ አለ።

32ኛው ማይል አካባቢ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ ዋሻ አለ፣ ሜሪስ ሮክ ይባላል። ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ሞተርሆም የምትነዱ ሰዎች፣ ጣሪያው ላይ ያለውን ኤርኮንዲሽነር ጨምራችሁ የመኪናችሁን ቁመት ሳታውቁ ወደዚያ እንዳትሄዱ። እኔ በወረቀት ጽፌ መሪው አጠገብ ለጥፌው ነበር። የእኛው 11 ጫማ ከ6 ኢንች ስለነበር አለፍን።

እማዬ ዋሻውን ስታይ "ጣርማበር!" ብላ ጮኸች። ልጅ ሳለች ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስትመጣ፣ ከደብረ ሲና በላይ ያለውን ጣልያን የሠራውን ዋሻ በጉም ውስጥ እንዴት እንዳለፉት ለልጆቹ ነገረቻቸው። ሾፌሩ መብራት አብርቶ ጡሩምባ እየነፋ፣ ተሳፋሪው ደግሞ እያማተበ። ልጆቹ ስልካቸውን አስቀምጠው ሰሟት። እኔ ለዚያ ሰዓት ብቻ እንኳ ኪራዩን እንደገና እከፍላለሁ።

ሊነጋጋ ሲል የቀሰቀሰን ብርድ

የመጀመሪያውን ሌሊት ያደርነው 51ኛው ማይል ላይ፣ ቢግ ሜዶስ በሚባለው የካምፕ ቦታ ነው። ሲመሽ አጋዘን የሚግጥበት ሰፊ ሜዳ አለው። ከፍታው 3,500 ጫማ ያህል ስለሆነ ሌሊት ይበርዳል። ካምፑ ውስጥ ግን መኪና የሚሰካበት ኤሌክትሪክ የለም። ጄነሬተር ማስነሳትም የሚፈቀደው በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው።

ማታ ሁሉም ነገር ይሠራ ነበር። መብራቱ በራ፣ የውሃው ፓምፕ ሠራ፣ ማሞቂያው ሞቀ፣ ፍሪጁም በጋዝ ቀዘቀዘ። "ማሞቂያው በጋዝ ከሆነማ ምን ቸገረን" ብለን ሌሊቱን ሙሉ ለቀነው ተኛን። ሊነጋጋ ሲል ብርድ ቀሰቀሰኝ። ማሞቂያው ዝም ብሏል። መብራቱን ሳበራው እንደ ኩራዝ ደብዝዟል። ፍሪጁ ላይ ደግሞ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

ባለቤቴ ተነስታ ፍሪጁን አየችና "በል ወደ ቤት እንመለስ። በእማዬ መድኃኒት አይቀለድም" አለችኝ። እውነቷን ነው። መጀመሪያ ያደረግነውም ኢንሱሊኑን ማውጣት ነው። በፎጣ ጠቅልለን፣ በረዶውን እንዳይነካ አድርገን ኩለር ውስጥ አስቀመጥነው። ኢንሱሊን ከቀዘቀዘም አልፎ በረዶ ከሆነ ይበላሻል። እናንተም ከመነሳታችሁ በፊት መድኃኒቱ ከፍሪጅ ውጭ ስንት ቀን እንደሚቆይ ፋርማሲስታችሁን ጠይቁ፤ ባዶ ኩለርም አትሂዱ።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ኩሽናዬ ውስጥ አንድ ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የምጠይቀው "ምን ሆነ?" ብዬ አይደለም። "ይህ ዕቃ ከየት ነው የሚበላው?" ብዬ ነው፤ ከጋዝ ነው፣ ከየትኛው ብሬከር ነው፣ ከእሱ ጋር ሌላ የጠፋ አለ ወይ?

ሞተርሆም ውስጥ ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ አለ። አንዱ ከባትሪ የሚመጣ 12 ቮልት ነው። መብራቱ፣ የውሃው ፓምፕና ማራገቢያዎቹ ከዚህ ይበላሉ። ሁለተኛው አሜሪካ ቤታችን ውስጥ ያለው ዓይነት 120 ቮልት ነው። ይህ የሚኖረው መኪናው ካምፕ ላይ ሲሰካ ወይም ጄነሬተር ሲነሳ ነው። ማይክሮዌቩ፣ ኤርኮንዲሽነሩና ግድግዳው ላይ ያሉት ሶኬቶች ከዚህ ይበላሉ። ኢንቨርተር ያለው መኪና የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 120 ይለውጣል፤ የእኛው አልነበረውም። ባትሪውም ራሱ ሁለት ነው፤ አንዱ ሞተር ያስነሳል፣ ሌላው ቤቱን ያስተዳድራል።

እኛን ያሳሳተን ማሞቂያው ነው። ሙቀቱ ከጋዝ ይመጣል፣ ሙቀቱን የሚያሰራጨው ማራገቢያ ግን ከባትሪ ይበላል። ሒሳቡን ከልጆቹ ጋር ሠራነው። ማራገቢያው 8 አምፒር ያህል ይወስዳል። የቤቱ ባትሪ 100 አምፒር-ሰዓት ነው፤ ተራ የአሲድ ባትሪ ደግሞ ከግማሹ በላይ ባይወሰድበት ጥሩ ነው። 50ን ለ8 ብታካፍሉት 6 ሰዓት ገደማ ነው። ማሞቂያው ደጋግሞ ከተነሳ ባትሪው ሳይነጋ አለቀ ማለት ነው። ፍሪጁም እንደዚያው ነው፤ እሳቱ ጋዝ ነው፣ የሚቆጣጠረው ሰሌዳ ግን ያለ 12 ቮልት አይሠራም።

ሲነጋ ጄነሬተሩን ለማስነሳት ብሞክር ቀጭ ብሎ ዝም አለ። ለካ እሱም የሚነሳው በዚያው በደከመው የቤት ባትሪ ነው! መፍትሔው የመኪናውን ሞተር ማስነሳት ሆነ። ሞተሩ ሲሠራ የቤቱንም ባትሪ ይሞላል። ብዙ ሞተርሆሞች ደግሞ መሪው አካባቢ ሁለቱን ባትሪዎች ለጊዜው የምታገናኝ ቁልፍ አላቸው። እሷን ተጭኜ ይዤ ጄነሬተሩን ሳስነሳው እሺ አለ። የፍሪጁ ቀይ መብራትም ጠፋ። ጄነሬተሩ ነዳጁን ከመኪናው ታንክ የሚወስድ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ታንኩ ሩብ ሲደርስ እንዲቆም ተደርጎ ነው የሚሠራው። ስለዚህ እምቢ ሲላችሁ የነዳጁን መጠንም እዩ።

አንድ ሌላ ነገርም አገኘን። መኪናው በተዳፋት ላይ ነበር የቆመው። በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራው ዓይነት ፍሪጅ ካዘነበለ በደንብ አያቀዘቅዝም። ጎማው ሥር እንጨት አስገብተን አስተካከልነው።

ሉሬይ ላይ የጠፋው ምጣድ

በማግስቱ በቶርንተን ጋፕ በኩል ወርደን ሉሬይ ገባን። በ1878 በተገኘው ዋሻዋ የታወቀች ትንሽ ከተማ ናት። ልጆቹ ዋሻውን አይተው ሲጠግቡ፣ 30 አምፒር ኤሌክትሪክ ያለው የግል ካምፕ ውስጥ አረፍን። ስትሰኩ ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ ምሰሶው ላይ ያለውን ብሬከር አጥፉ፣ ቀጥሎ ሰኩ፣ ከዚያ አብሩት።

ሸለቆው ውስጥ ሙቀት ነበር። ኤርኮንዲሽነሩን አበራን። ባለቤቴ ልጆቹን ልታጥብ የውሃ ማሞቂያውን በኤሌክትሪክ አደረገችው። እማዬ ደግሞ ከቤት ሊጥ በባልዲ ይዛ መጥታ ኖሮ የኤሌክትሪክ ምጣዷን ሰካች። ሁለት እንጀራ አወጣች፣ ሦስተኛው ላይ ኤርኮንዲሽነሩ ዝም አለ። ምጣዱም ቀዘቀዘ። መብራቱ ግን እንደበራ ነው።

"መብራት እኮ አለ! ምጣዴን ነው ያበላሻችሁት" አለች እማዬ።

ትንሿ ልጄ 9 ዓመቷ ነው። "እማማ፣ መብራቱ እኮ ከባትሪ ነው የሚበላው! ምጣዱ ከግድግዳው ነው" አለቻት። እኔ ከመናገሬ በፊት ቀደመችኝ።

እንደገና ሒሳብ ሠራን። ምጣዱ ሥሩ ላይ 1,500 ዋት ይላል፤ ለ120 ሲካፈል 12.5 አምፒር። ኤርኮንዲሽነሩ 13 ያህል፣ የውሃ ማሞቂያው 12 ያህል። ሲደመር 37.5 ነው፣ የተሰጠን ግን 30። አንድ አስተናጋጅ አምስት ትሪ በአንዴ አሸክማችሁት ሳህን ቢሰበር ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ብሬከሩ የወደቀው ሥራውን ስለሠራ ነው። የውሃ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ አዞርነው፣ የምሰሶውን ብሬከር ሙሉ በሙሉ ወደ ማጥፊያው ገፍተን መልሰን አበራነው፣ እንጀራውም ቀጠለ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እማዬ "ውጭ እጋግራለሁ" አለች። ኤክስቴንሽን ዘርግተን ከመኪናው የውጭ ሶኬት ሰካንላት። ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። ብሬከሮቹ ሁሉ ደህና ናቸው፣ ኤርኮንዲሽነሩም ይሠራል። ግራ ሲገባን ያዩ አንድ ጎረቤታችን የሆኑ አሜሪካዊ ሽማግሌ ውሻቸውን ይዘው መጡና "መታጠቢያ ቤቱን አይታችኋል?" አሉን። መጸዳጃ የጠየቁን መስሎን ግቡ አልናቸው! እሳቸው ግን እየሳቁ መታጠቢያው አጠገብ ያለውን፣ ሁለት ትናንሽ ቁልፎች ያሉትን ሶኬት አሳዩን። ጂኤፍሲአይ ይባላል። ኤሌክትሪክ ወደ ውሃ ወይም ወደ ሰው ሲያመልጥ ወዲያው ይቆርጠዋል። ብዙ ሞተርሆም ላይ የኩሽናውና የውጭው ሶኬትም በእሱ ሥር ናቸው።

ተመልሰን ስናይ የኤክስቴንሽኑ መጋጠሚያ ጤዛ ባረገዘ ሣር ላይ ወድቋል። እማዬ ደግሞ በነጠላ ጫማ እዚያው ሣር ላይ ነው የቆመችው። ሽማግሌው ሳቃቸውን ትተው "ይቺ ቁልፍ ባትኖር ኖሮ..." ብለው አልጨረሱትም። ደረቀ፣ ተነሳ፣ ምጣዱም ወደ ውስጥ ገባ። ከእንጀራውም በቲብስ ጠቅልለን ላክንላቸው።

ቀልድ የሌለባቸው

የመኪናውን በር ወይም አካል ስትነኩ ትንሽም ቢሆን ከነዘራችሁ መልሳችሁ አትንኩት። ልጆቹን አርቁ፣ የምሰሶውን ብሬከር አጥፉ፣ ለካምፑ ቢሮ ንገሩ። ይህ በራስ የሚጠገን አይደለም።

የተቃጠለ ፊውዝ የምትቀይሩት በዚያው ቁጥር ነው። ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20 አምፒር ነው። "ትልቁ ይሻላል" ብሎ 15ቱን በ20 መተካት ሽቦውን ማቃጠል ነው።

ቡና በከሰል የምታፈሉ፣ ከመኪናው ርቃችሁ ውጭ አፍሉ። ብርድ ቢሆንም፣ መስኮት ቢከፈትም ከሰል ውስጥ አይገባም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ጠቋሚው መሣሪያ መሥራቱን ማታ ማታ ቁልፉን ተጭናችሁ ሞክሩ።

አንድ ዕቃ ሲጠፋ

ተበላሸ ከማለታችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ይህ ዕቃ ከየት ነው የሚበላው? ከባትሪ፣ ከ120ው ወይስ ከጋዝ?
2. ከእሱ ጋር አብሮ የጠፋ ሌላ ዕቃ አለ?
3. መብራቱ ከደበዘዘ ባትሪውን፤ ሶኬቶቹ ብቻ ከጠፉ የምሰሶውንና የውስጡን ብሬከር፣ ቀጥሎ የመታጠቢያ ቤቱን ቁልፍ እዩ።
4. አንድ ጊዜ መልሱት። ምንም ሳይሰካበት ደግሞ ከወደቀ ተዉት፣ ባለሙያ ጥሩ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ትንሿ ልጄ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፋ ሬስቶራንቱ ኩሽና ውስጥ ለጥፋዋለች። እማዬ ደግሞ "መቼ ነው የምንሄደው?" ማለት ጀምራለች። አሁን የምትፈልገው ተራራው ጉም የሚለብስበትን ወር ነው፤ ዋሻውን በጉም ውስጥ ለልጆቹ ልታሳያቸው።

መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ!