አንዲት ፊደል

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን ከመስጠቴ በፊት ብዙ አመንትቼአለሁ። ነገሩ የራሴን ስሕተት የሚያጋልጥ ከመሆኑም በላይ፥ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ኮምፒዩተር ዕቃ ሲጽፍ ማየት ለኢንጂነሪንግ ወንድሞቻችን ሳቅ እንደሚሆን አላጣሁትም። ይሁን እንጂ ከመካከላችን በጥቂት ገንዘብ ለቤቱ ኮምፒዩተር ሊገጣጥም የሚያስብ አይጠፋምና፥ የእኔ ጉዳት ለሌላው ትምህርት ይሁን ብዬ ቈረጥሁ።

እናቴ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ እኔንና ታናሽ እኅቴን ያሳደገች ሴት ናት። እኅቴ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የመልቀቂያው ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለከፊሉ ተማሪ በኮምፒዩተር መሰጠት መጀመሩን እናቴ ከሰማች ወዲህ፥ «ልጄ እጇን ያላፍታታችበትን ዕቃ በፈተና ቀን ልትነካው ነው?» እያለች እንቅልፍ አጣች። የእቁብ ዕጣዋ በደረሳት ቀን 60 ሺህ ብር በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝና፥ «አንተ የተማርህ ነህ፤ ለቤት የሚሆነውን ታውቃለህ» አለችኝ። አላውቅም ማለት አፍሬ ገንዘቡን ተቀበልሁ።

እቁቡ ሲጀመር ይህ ገንዘብ ብዙ ነበር። ነገር ግን በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ ከውጭ አገር በዶላር የሚገባው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ። ከውጭ መሥሪያ ቤቶች አገልግለው የሚመጡ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች በርካሽ እንደሚገኙ ሰዎች ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ግን በኩራት ናቅኋቸው። ዛሬ ብጠየቅ አልንቃቸውም።

ቤታችን አንዲት ክፍል ብቻ ስለሆነች መጀመሪያ የተነሣው የቦታ ጥያቄ ነበር። እናቴ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለውን መደርደሪያ በስንዝር ለክታ፥ «ከዚህ እንዳያልፍ» አለችኝ። ማዘርቦርድ የሚሉት ሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ ነው። ሚኒ አይ.ቲ.ኤክስ. የተባለው ዓይነት ርዝመቱም ወርዱም 17 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስንዝር እንኳ አይሞላም። ማይክሮ ኤ.ቲ.ኤክስ. የተባለው ደግሞ ቢበዛ በየጎኑ 24.4 ሳንቲ ሜትር ነው። ያነሰው ይረክሳል ብዬ ስጠብቅ፥ ትንሹ ውድ ሆኖ አገኘሁት፤ ያንኑ ሥራ በጠባብ ቦታ ማሠራት ራሱ ያስከፍላልና። ስለዚህ ሁለተኛውን ከጠባብ ሳጥን ጋር ወሰድሁ፤ ከመደርደሪያውም አላለፈም።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ። ገበያውን ስዞር ዓይኔ የሚያርፈው የመስተዋት ጎን ባለውና ቀለም በሚያበራው ሳጥን፥ ለጨዋታ በሚሆነውም ውድ የግራፊክስ ካርድ ላይ ነበር። እኅቴ የምትፈልገው ግን መጻፍ፥ ማንበብና ለፈተናው መለማመድ ነው። እናቴ የደንበኞቿን ሒሳብ ማስመዝገብ፥ እኔም የመመረቂያ ጽሑፌን መጻፍ ነው። ለዚህ ሁሉ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ተሠርቶ የሚመጣው ግራፊክስ ይበቃል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው አይ 3-12100 የተባለው፥ 4 ኮር ያለው ፕሮሰሰር ለዚህ የሚሆን ነበር። ከጎኑ ደግሞ ቁጥሩ ያው የሆነ፥ በመጨረሻው ላይ ኤፍ የምትል አንዲት የላቲን ፊደል የተጨመረችበት ሌላ ነበረ፤ ዋጋውም ሁለት ሺህ ብር ያህል ይቀንሳል። አስተዋይ ገዢ መሆኔ ነው ብዬ ርካሹን ገዛሁ።

በማግስቱ እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች፤ ፈንዲሻም ተበተነ። እኅቴ እጇን ታጥባ፥ ደብተሯን ይዛ ከወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ኮምፒዩተሩን ስከፍተው ማራገቢያው ዞረ፥ መብራቱም በራ፤ ስክሪኑ ግን እንደ ጨለመ ቀረ። ደጋግሜ ነቀልሁ፥ ደጋግሜ ሰካሁ። ቡናው ሦስተኛው ሲቀዳም ያው ጨለማ ነበር። በዚያን ጊዜ፥ «ገመድ ጎድሎ ነው፤ ነገ ይሠራል» ብዬ ዋሸሁ። እኅቴ ምንም ሳትል ደብተሯን ዘጋች።

ማታውን አንድ የኢንጂነሪንግ ጓደኛዬ ካርቶኑን አይቶ ሳቀ። ያቺ ኤፍ ማለት ግራፊክስ የሌለው ማለት ናት ለካ፤ ለብቻው ካርድ ካልተገዛለት ስክሪን ላይ ምንም አያሳይም! «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፥ ጠብቆ ሲነበብ ግን ይገኛል ማለት እንደ ሆነ ለጓደኞቼ የማስረዳ ሰው፥ በካርቶን ላይ በጉልህ የታተመች ፊደል አለፈችኝ። ሻጩን መውቀስ አልችልም፤ የጠየቅሁትን ነው የሰጠኝ። ማሸጊያው የተከፈተውን ዕቃም በጎደለ ዋጋ ተቀብሎ ትክክለኛውን ለወጠልኝ። በጠቅላላው አምስት ሺህ ብር ከሰርሁ። ይህም ሁለተኛውን ባለ 8 ጊጋባይት ራም ልገዛበት የያዝሁት ገንዘብ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሳልጠይቅ አንድ ዕቃ አልገዛሁም። ጓደኛዬ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አስትቶ 500 ጊጋባይት ኤስ.ኤስ.ዲ. አስገዛኝ፤ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ፈጣን ነው፥ መነካካትንም ይችላል። በተለይ ያስጠነቀቀኝ ስለ ፓወር ሰፕላዩ ነው። እኔ ማንም ስለማያየው ከሳጥኑ ጋር የሚሰጠው ርካሽ ይበቃል ብዬ ነበር። «ቤታችሁ ምጣድ አለ?» ሲል ጠየቀኝ። የእናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል፤ ሲሰካ አምፑሉ ሁሉ ይደበዝዛል። የእኛ ኮምፒዩተር በሥራ ላይ ሳለ ከ100 ዋት ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ ትልቅ ሳይሆን የታመነ ያስፈልገዋል። «80 ፕላስ» የሚል ምልክት ያለበትን፥ 400 ዋት የሆነውን መረጥን። ምልክቱም ከግድግዳው ከሚሳበው ኃይል ቢያንስ 80 በመቶው ለዕቃዎቹ እንደሚደርስ የተመሰከረለት ማለት ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

በአራተኛው ቀን ስክሪኑ በራ። እኅቴ ስሟን በአማርኛ ጻፈች፤ እናቴ እልል አለች። እኔም ደስታው ልክ አልሆን ቢለኝ ስለ ገመዱ መዋሸቴን፥ አምስት ሺህ ብሩንም ማጥፋቴን ነገርኋት። እናቴ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፥ «አላውቅም ብትለኝ ኖሮ ሰው ጠይቅ እልህ ነበር» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለካ ለቄሱ ብቻ አይደለም። ኮምፒዩተር ልትገዛ የተነሣህ ወንድሜ፥ አንቺም እኅቴ፥ መጀመሪያ ማን ምን ሊሠራበት እንደ ሆነ በወረቀት ጻፉ፤ ከዚያ በካርቶኑ ላይ ያለውን ፊደል እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ያልገባችሁን ሳታፍሩ ጠይቁ። በእኛ ሰሌዳ ላይ የሁለተኛው ራም ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። በትርፍ ጊዜዬ ልጆች ከማስጠናበት ደመወዝ እያጠራቀምሁ ነው፤ እኅቴ ለፈተና ከመቀመጧ በፊት እሞላዋለሁ።