«መልሱን አትንገረኝ»

አዳማ በግንቦት ሌሊትም አትበርድም። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ታናሽ ወንድሜ ፍራሹን በረንዳ ላይ አውጥቶ ነበር የሚያጠናው። ከመድኃኒት ቤት የማታ ተረኛ ሆኜ አምሽቼ ስመጣ፣ ገና በሩን ሳልከፍት የስልኩ ብርሃን በአጥሩ ቀዳዳ ይታየኛል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ነበር። ተፈታኝ ያለበት ቤት ያን ጊዜ ሁለት ቁጥሮችን በቃሉ ያውቃል፦ በ2014 ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3፣ በ2015 ደግሞ 3.2። እናታችን ቁጥሮቹን ስታነሳ ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር።

ወንድሜ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረው በአማርኛ ነው። ከዘጠነኛ ጀምሮ መጽሐፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆነ። ሰነፍ አልነበረም፤ ግን አንድ ገጽ አንብቦ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል፣ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ቃል ፍለጋ ነው። ክፍላቸው ውስጥ ሰባ ሆነው ነበር የሚማሩት፤ እጅ አውጥቶ ለመጠየቅ ደግሞ ያፍራል። ስለዚህ የክፍል ጓደኛው ቻትቦት ስልኩ ላይ ሲጭንለት ደስ ብሎኝ ነበር። አሁንም አልጸጸትም።

የመጀመሪያውን ምሽት አስታውሰዋለሁ። ኢኮኖሚክስ ላይ ኢላስቲሲቲ የሚባለው አልገባ ብሎት ሦስት ቀን ተቸግሯል። «በአማርኛ፣ በጤፍ ምሳሌ አስረዳኝ» ብሎ ጻፈ። አማርኛው እዚህም እዚያም ይንሻፈፋል፣ ምሳሌው ግን ልክ ነበር፦ የአንድ ኪሎ ጤፍ ዋጋ ከ100 ብር ወደ 120 ቢወጣ፣ አንድ ቤት በወር የሚገዛው ደግሞ ከ20 ኪሎ ወደ 18 ቢወርድ፣ ዋጋው የጨመረው 20 ከመቶ፣ ግዢው የቀነሰው 10 ከመቶ ነው። አሥርን ለሃያ ማካፈል፣ 0.5። ከአንድ በታች ስለሆነ ሰው ዋጋው ቢወደድም ጤፍን በቀላሉ አይተውም ማለት ነው። ወንድሜ ከፍራሹ ብድግ አለ። «እትዬ፣ ገባኝ! ይሄ እኮ እማዬ ሁልጊዜ የምትለው ነው!» ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ መልኩን ቀየረ። ዎርክሺቱን ፎቶ ያነሳል፣ ይልካል፣ መልሱ ይመጣል፣ በሚያምር ጽሑፍ ደብተሩ ላይ ይገለብጣል። ደብተሩ ሞላ። ሞዴል ፈተና ሲፈተን ከመቶ 41 አመጣ። ውጤቱን ይዞ በረንዳው ላይ ተቀምጦ «ስልኩ ላይ ሳነበው የማውቀው ይመስለኛል፤ ወረቀቱ ፊት ስቀመጥ ግን ምንም የለም» አለኝ። ልቤን የነካኝ ለውጤቱ ያለው ፀፀት ሳይሆን ግራ መጋባቱ ነው። ደክሟል እኮ፤ ሌሊቱን ሙሉ አይኑን አልከደነም።

ያነቃን አባባ ነው። አንድ ምሽት ወንድሜ ታሪክ እየከለሰ ጮክ ብሎ ያነባል፦ «የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1896 ዓ.ም.…» አባባ ሬዲዮውን ቀነሰ። «ማን ነው እንዲህ ያለህ? 1888 ነው ልጄ። 1896 የፈረንጆቹ ነው፣ እሱም ከሆነ ማርች 1 ነው የሚባለው።» ስልኩ ወራችንን ከሰው ዓመት ጋር አጣብቆ ሰጥቶት ኖሯል። ወንድሜ እርማቱን ጻፈለት። «ይቅርታ፣ ትክክል ነህ፤ 1888 ነው» የሚል መጣ። ወንድሜ ትንሽ አሰበና፣ «አይ፣ 1890 ነው» ብሎ ሞከረው። ስልኩ አሁንም ይቅርታ ጠየቀ፣ አሁንም ትክክል ነህ አለው። ሦስታችንም ዝም ብለን ስክሪኑን አየን።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን በኋላ አንብቤ ነው የተረዳሁት። ይህ መሣሪያ ዓመተ ምሕረትን ከመዝገብ እያወጣ አያነብም፤ ከተማረበት የጽሑፍ ክምር ተነስቶ ከአንዱ ቃል ቀጥሎ ምን ሊመጣ እንደሚችል እየገመተ ነው የሚጽፈው። ስለ እኛ ታሪክ ከተጻፈው ብዙው በእንግሊዝኛና በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በአማርኛ ስትጠይቀው ሁለቱ ይደባለቁበታል። ሲሳሳትም ሲያውቅም የአነጋገሩ እርግጠኝነት አንድ ነው። ለእኔ ከስህተቱ ይልቅ ይሄ ይብሳል፤ ሰው እኮ ሲጠራጠር ከፊቱ ይታወቃል።

በዚያው ሳምንት ሥርዓት አበጀን። ዓመተ ምሕረት፣ ስምና ቦታ ከመጽሐፉ ብቻ። ወንድሜ መጀመሪያ ራሱ አንብቦ፣ መጽሐፉን ዘግቶ፣ በራሱ አማርኛ ይነግረኛል፤ ከዚያ ነው ስልኩ የሚከፈተው። ሲከፈትም እንዲጠይቀው እንጂ እንዲመልስለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጣም ተናደደ። አንድ ጥያቄ ላይ ሃያ ደቂቃ መቆየት ጊዜ ማባከን መሰለው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን አጥሩ ጋ ስደርስ ብርሃኑ መታየት ቀነሰ፤ በምትኩ ብቻውን የሚያወራ ሰው ድምፅ እሰማለሁ። የአምባላጌን፣ የመቀሌን፣ የዓድዋን ቅደም ተከተል ለራሱ ይተርካል።

ሐምሌ ላይ ወደ መፈተኛው ዩኒቨርሲቲ ሊሄድ እናታችን ብርድ ልብስና አንሶላ አሰረችለት፣ በሶ በፌስታል ጨመረችለት። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። አድሚሽን ካርዱን ደረት ኪሱ ውስጥ ደጋግሞ ዳሰሰና ስልኩን አጥፍቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። «ቻርጅ አድርጊልኝ እትዬ» ብሎ ሄደ።

ማታ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። የመጨረሻው ውይይት እንዲህ ይጀምራል፦ «መልሱን አትንገረኝ። አንድ በአንድ ጠይቀኝ። ስሳሳት የተሳሳትኩበትን ቦታ ብቻ አሳየኝ።» ወደ ታች እየሳብኩ አነበብኩት። ሃያ ያህል ጥያቄ መልሷል፤ አንዳንዱን ሁለቴ ተሳስቶ፣ ሦስተኛው ላይ አግኝቶታል። የመጨረሻዋን ግን ሳይመልስ ነው የተነሳው፦ የጤፉ ዋጋ ከ100 ወደ 120 ሲወጣ፣ የሚሸጠውም ከ20 ኪሎ ወደ 18 ሲወርድ፣ የሻጯ ገቢ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

ከደብተሩ ጀርባ ቅጠል ገንጥዬ እርሳሱን አነሳሁ። መቶ በሃያ፣ 2,000። አንድ መቶ ሃያ በአሥራ ስምንት፣ 2,160። እንደገና ሠራሁት።