ውሻ በስኒ አይለካም!
እኔ በምኖርበት በቆላው ገለጉ ውሻ ማለት ከብት ጠባቂ ነው። አዲስ አበባ ያለች የአክስቴ ልጅ ግን ሰሞኑን ደውላ፣ «ሴቷን ችዋዋዬን ከእሷ ካነሰ ወንድ አዳቅዬ፣ ‹የስኒ ውሻ› ብዬ ብቸበችብስ?» አለችኝ።

«ተይው እቴ!» አልኳት። ችዋዋ እንኳ ሲያድግ ከ3 ኪሎ ብዙም አይዘልም። ከዚያም ይነስ ሲባል ቡችላው ምግብ ሲዘገይበት የደሙ ስኳር ወርዶ ይንቀጠቀጣል፤ ሊሞትም ይችላል። ከሶፋ ቢዘል አጥንቱ ይሰበራል። እናቲቱም በኦፕራሲዮን መገላገል ሊመጣባት ይችላል።

«ጃንሆይስ ሉሉ ነበራቸው አይደል?» አለችኝ። ትንሽ ውሻ መውደድ ነውር የለውም፤ ነውሩ ለገበያ ሲባል ከአቅም በታች ማሳነሱ ነው።

እናንተም ገዢዎች፣ «የስኒ ናት» ሲሏችሁ «እናቷን አሳዩን» በሉ፤ የእንስሳት ሐኪምም ይያት። ገዢ ከጠፋ አራቢ የለም!