ጋኑን የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ

ሞላሌ ላይ ጠላ የሚጠምቅ ሰው ሁሉ ብርዱን ያውቀዋል። 3,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለች የመንዝ ከተማ ናት፤ ኅዳር ሲገባ ውርጩ ይበረታል። ቆላ ቢሆን ቶሎ የሚነሣ ጥንስስ እዚህ ዝም ብሎ ይሰነብታል። ስለዚህ ሴቱ ጋኑን ወደ ምድጃ ያስጠጋል፣ ባና ያለብሳል። እኔም ይህን አይቼ ነው ያደግሁት። ልብ ያላልኩት፣ እናቴ ድፍድፉን እስከ ጋኑ አንገት ሞልታ አለማወቋን ነው።

የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተረኛ ነበርኩ። ጠላዬ ጠቆር እንዲል ገብሱን አጥብቄ ቆላሁት። ጥንስሱ አልነሣ ሲለኝ ተጨነቅሁና ብቅል ደረብኩበት። እንኩሮውን ጨምሬ፣ ውሃውን እስከ አፉ ሞልቼ፣ በዚያው ዕለት አፉን በጭቃ መርጌ ምድጃው ሥር አስጠጋሁት። ጎረቤቴ «ተይው፣ ፈልቶ ይውጣለት» ብላኝ ነበር። ቀኑ ደርሶብኝ አልሰማኋትም።

ሌሊቱን ጋኑ ነቃ። ከአንገቱ እስከ ሆዱ በወረደው ስንጥቅ ጥቁር አረፋ ይንፈቀፈቃል፤ ጌሾውና እንኩሮው መሬቱ ላይ ተዘርግቷል። ምርጊቱ ግን እንደ መረግሁት ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። እርሾው የብቅሉን ስኳር ሲበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ አንድ ኪሎ ስኳር ተብላልቶ ሲያልቅ የሚወጣው አየር ከ200 ሊትር ይበልጣል። የገብሱ ፕሮቲን አረፋው ቶሎ እንዳይከስም ይይዘዋል፤ አረፋው ገለባውንና ጌሾውን ተሸክሞ ወደ አፉ ይወጣና ይደፍነዋል። ብርድ ላይ የሰነበተ ድፍድፍ ድንገት ሲሞቅ ደግሞ አምቆ የያዘውን አየር ይለቃል፣ ፍላቱም ይፈጥናል። እኔ መውጫውን በጭቃ ዘግቼ እሳት አጠገብ አስቀመጥኩት። ዛሬ ከጋኑ አፍ በታች ከስንዝር የሚበልጥ ባዶ እተዋለሁ፤ አፉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ፣ ኩፍ ያለውን በእንጨት እየመለስኩ እጠብቃለሁ፤ የምመርገው አረፋው ሲቀመጥ ነው። ባናውን አለብሳለሁ፣ ወደ እሳቱ ግን አላስጠጋም።

እስከዚህ ያለው የጠላ ጥፋት ነው፤ ይቅር ይባላል። የሚከብደኝ የቀረው ነው።

ማኅበርተኛው ሲሰበሰብ ጋኑ ነቅቶ ጠላው እንደፈሰሰብኝ ተናገርኩ። አንዱ «ጋኑን ከማን ገዛሽው?» አለኝ። ሸክላ ሠሪዋን ነገርኩት። ሌላው ተቀበለና «በቃ፣ ዓይኗ ነው» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ።

እኚያ ሴት ጋኑን ሲሸጡልኝ በጣታቸው አንኳኩተው፣ ጆሮዬን አስጠግተው፣ ጥርት ያለ ድምፁን አሰምተውኛል። «በግራዋ እጠቢው፣ በወይራ እጠኚው፣ ብቻ እንዳትሞዪው» ያሉኝም እሳቸው ናቸው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ቡዳ ሲባሉ ዝም አልኩ። አፄ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ያ ስድብ ግን በእኔ ቤት፣ በሚካኤል ዝክር ላይ፣ በእኔ ራስ መነቅነቅ ጸደቀ። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ የማኅበራችን ሴቶች የእሳቸውን ሸክላ እያለፉ ከሌላ ሲገዙ አይቻለሁ። ያኔም አፌን አልከፈትኩም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ስነሣ አርፈዋል። ሄጄ ለልጃቸው ነገርኳት። ሰምታኝ ሥራዋን ቀጠለች፤ ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፣ የማለት ግዴታም የለባትም።

በዚያ ማኅበር ላይ የነበራችሁ፣ ወሬውንም ከእኛ ሰምታችሁ ያዛመታችሁ ሁሉ፦ ጋኑ ጤነኛ ነበር። የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ። ይህን በየቤታችሁ ንገሩልኝ፤ ጋን ስትፈልጉም ከልጃቸው ግዙ።