ማዶ ለማዶ

በሞፈር ውሃ ገደል አፋፍ ላይ ያደገ ልጅ ወደ ማዶ ለመጣራት ያፍራል ቢሉን ባላመንን ነበር። ማዶ ያለው መንደር ለዓይን ቅርብ ነው፤ ወርዶ ለመውጣት ግን የግማሽ ቀን መንገድ ስለ ሆነ፥ የጠፋች ጊደር ነገርም ሆነ የቀብር ጥሪ በድምፅ ይሻገር ነበር። (የመርሐቤቴና የግሼ ልጆችም ይህን ያውቁታል።) እኛም ሁለት የመንዝ ልጆች እረኞች ሳለን ሥራችን ይኸው ነበር። «አያ እገሌ ሆይ!» ብለን ስሙን አስረዝመን እንጠራና ዝም እንላለን። «አቤት!» የሚል ቃል ሳይመለስ ዋናው ነገር አይነገርም።

እንግዲህ ይህን ስንሠራ ያደግን ሰዎች፥ ዩኒቨርሲቲ ገብተን በአምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ካለው የአማተር ራዲዮ ክበብ ጣቢያ በደረስን ጊዜ፥ አንዲት በእጅ የምትያዝ ማይክሮፎን አፋችንን ለጎመችው ብንል፥ ጓደኞቻችን፥ ማን ያምነናል?

አማተር ራዲዮ ማለት፥ ነገሩን ለማያውቁ፥ ከመንግሥት ፈቃድ የተቀበሉ ሰዎች ለትርፍ ሳይሆን ለትምህርትና ለወዳጅነት ሲሉ በአየር ሞገድ የሚገናኙበት ሥራ ነው። የክበቡ ጣቢያ በዓለም የሚታወቅበት መጠሪያ ኢቲ3ኤኤ ነው፤ ኢቲ የሚሉት ሁለቱ ፊደላት የኢትዮጵያ ድርሻ ናቸው። ከአገራችን የሚናገር አማተር ጥቂት በመሆኑ፥ ይህ መጠሪያ በተሰማ ጊዜ ከጃፓን፥ ከጣልያን፥ ከሩሲያ የሚጠሩት ድምፆች እንደ ተነካ የንብ ቀፎ ይተማሉ። ጀማሪውም የሚደነግጠው የሚሰማው ሰው በማጣቱ ሳይሆን በመብዛቱ ነው።

ሦስት ሳምንት በአዳማጭነት ተቀመጥን። በአራተኛው፥ ፈቃድ ያለው አንድ ከፍ ያለ ክፍል ተማሪ ከጎናችን ሆኖ «በሉ እንግዲህ፥ ተራችሁ ነው» አለን። ከሁለታችን አንዱ (የትኛው እንደ ሆነ አንናገርም) አዝራሩን ተጭኖ መጠሪያውን በእንግሊዝኛ ከተናገረ በኋላ፥ የገዛ ስሙ ጠፋበትና «ጤና ይስጥልኝ» አለ። ከዚያም መልስ ጠበቀ። ጠበቀ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ለካስ ጣቱን ከአዝራሩ አላነሣም ኖሯል! አዝራሩ እንደ ተጫነ መሣሪያው ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ ስንቱ እየጠራን በገዛ ጣታችን ጆሯችንን ደፍነን ተቀምጠን ነበር። ሳቁ እስከ ደጅ ተሰማ። ከሳቁ ይልቅ የቆረጠን ግን፥ አንዱ ከበስተኋላ «በዚህ በመንዝ አፍ ነው እንግሊዝኛ?» ያለው ነገር ነው። አንድ ወር ያህል በዚያ በር አላለፍንም።

ለፋሲካ አገር ገባን። አንድ ማለዳ የአንዳችን እናት ከአፋፉ ቆመው ወደ ማዶ ሲጣሩ አየን። የእጅ ስልክ አላቸው፤ ነገር ግን በዚያ ሸለቆ መስመር አይይዝም። ስም ጠሩ፤ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ፤ ጠበቁ። ከተጣሩበት ጊዜ ይልቅ የጠበቁበት ይረዝም ነበር። ስንት ዓመት አይተነው ያላስተዋልነው ነገር ነው።

ስንመለስ በእርሳስ አራት መስመር ጻፍን፤ መጠሪያ፥ የአሰማም ቁጥር፥ ስም፥ ከተማ። አብዛኛው የመጀመሪያ ንግግር ከዚህ አያልፍም፤ ይህን አስቀድመን ዐውቀን ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ላብ ባልፈሰሰ። ጥሩ አሰማም 59 ይባላል፤ 5ቱ የቃሉ መለየት፥ 9ኙ የሞገዱ ብርታት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ አውሮፕላን ነጂዎች የሚሠሩበትንም የፊደላት ስም በቃላችን አጠናን። ኢ ለሚለው ፊደል የተሰጠው ቃል «ኤኮ» ነው፤ ትርጓሜውም የገደል ማሚቶ! የአገራችን መጠሪያ በገደል ማሚቶ መጀመሩን ስናውቅ ጥቂት ልብ አገኘን።

አንድ ነገር ግን ከገደሉ ትምህርት ተለየብን። በገደል መጮኽ ይጠቅማል፤ በማይክሮፎን የጮኸ ሰው ግን ድምፁ ተሰባብሮ ይደርሳል፤ አጠገብ ለተቀመጠ ሰው እንደሚነገር ሆኖ ነው የሚነገረው። ሩቅ የሚያደርሰው ጉሮሮ አይደለምና። 14 ሜጋኸርትዝ የሆነው ሞገድ፥ ርዝመቱ 20 ሜትር ያህል፥ ከምድር በላይ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከፍታ ካለውና ፀሐይ ኤሌክትሪክ ካሳደረችበት አየር ነጥሮ ይመለሳል።

በግንቦት አንድ ማታ መጠሪያውን ተናገርን፤ ጣታችንን አነሣን፤ ጠበቅን። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል የአንድ ጣልያናዊ ሽማግሌ ድምፅ ለየን። 59 ሰጠን፤ 57 ሰጠነው። ስማችንን ነገርነው። ሰውዬው አልቸኮለም፤ ከኢትዮጵያ ከየትኛው አገር እንደ ሆንን ጠየቀን። ይህ በወረቀታችን ላይ አልነበረም። ተያየን። «መንዝ» አልነው፤ አልሰማም። «ማይክ፥ ኤኮ፥ ኖቬምበር፥ ዙሉ» አልን። ጥቂት ሽውታ ሆነና፥ ከሜዲቴራንያን ማዶ «ማይክ፥ ኤኮ፥ ኖቬምበር፥ ዙሉ፤ መንዝ» ሲል ተመለሰልን።

እናት ለገበያ ሞላሌ በወጡ ዕለት ስልክ ደወልንና ከባሕር ማዶ ሰው እንደ ተጣራን ነገርናቸው። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አቤት አለ?»

«አለ፥ እማዬ።»