ትንሽ ጎማ

«አባዬ፣ ሳይክሉ የሚገዛው ለኔ ነው ወይስ ለአንተ?»

ልጄ ይህን የጠየቀኝ ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ መርካቶ ውስጥ፣ በሁለት ሳይክሎች መካከል ቆመን ነው። አንደኛው ባለ 26 ቁጥር ጎማ ሆኖ ሃያ አንድ ማርሽ፣ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው፣ ከሩቅ የሚያብረቀርቅ ነው። ሁለተኛው ባለ 20 ነው። ማርሽ የለውም፤ ኮርቻው ዝቅ ብሎ ጎማውን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ቀለሙ ተላልጧል። የኔ ዓይን ያረፈው በመጀመሪያው ላይ ነበር።

ምክንያት አላጣሁም። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ በበርካታ መንገዶች ዳር የሳይክል መሄጃ ተሠርቷል። ትምህርት ቤት ይመላለስበታል፣ እግረ መንገዱንም ዳቦ ይገዛበታል ብዬ አስቤአለሁ። እሱ ግን የሚያስበው ስለ መዝለል ብቻ ነው። ሰፈራችን ዳር ለሕንፃ መሠረት ተቆፍሮ የወጣ አፈር ተከምሯል። ልጆቹ በአካፋ ደልድለው፣ ውኃ እያርከፈከፉ ጠቅጥቀው መዝለያ አድርገውታል። ባንዱ ክምር ሽቅብ ወጥቶ፣ አየር ላይ ተንሳፎ፣ በሌላው ቁልቁል መውረድ ነው ጨዋታው። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራውን የስኬትቦርድ መጫወቻ አይቶ ከመጣ በኋላ ደግሞ የሲሚንቶ ተዳፋት ባየ ቁጥር ዓይኑ እዚያው ይቀራል።

እናቱ ነገሩን የሰማችው በክፉ ሳምንት ነው። የጎረቤት ልጅ በተዋሰው ሳይክል ሲዘል የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ ተሰብሮ የትከሻው አጥንት ተሰነጠቀ። «ግዛለት» አለችኝ። «ከተሰበረ ግን የሰበርከው አንተ ነህ።» ከዕቁብ የወጣ አሥራ ሁለት ሺህ ብርና ይህችን ቃል ይዤ ነው መርካቶ የወረድኩት።

ደግነቱ ብቻዬን አልነበርኩም። የሰፈራችን ሳይክል ጠጋኝ አብረውን መጥተዋል። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የኔን ምርጫ በሁለት እጃቸው ተጭነው ቁልቁል ገፉት። ሞላው ጢርር ብሎ ወረደና ተመለሰ።

«ይኼ ለዓይን ነው» አሉኝ። «በርካሽ ሳይክል ላይ የተጨመረ ነገር ሁሉ ከሌላ ቦታ የተቀነሰ ነው። ለሞላውና ለማርሹ ያወጡትን ገንዘብ ከብረቱ ላይ ቀንሰውታል። ይኼ አስፋልት ላይ ይሄድልሃል፤ ከአየር ላይ ሲወርድ ግን አይችልም።»

ወደ ትንሹ ዞሩ። ጎማው ሲያንስ ከመሐል ወደ ዙሪያው የተወጠረው ራጂም ያጥራል። አጭር እንጨት ለመስበር እንደሚያስቸግር ሁሉ ትንሽ ቸርኬም ከዝላይ ሲወርድ በቀላሉ አይጣመምም። ለማንሳትና አየር ላይ ለማዞርም ይቀላል። ችግሩ ወጣ ገባ መሬት ላይ ነው። ትልቁ ጎማ ዘሎት የሚያልፈው ጉድጓድ ትንሹን ይይዘዋል። ስለዚህ በውጭ አገር አፈር ላይ የሚዘሉ ብዙዎች ለዚሁ የተሠራ ባለ 26 ይመርጣሉ። ኮርቻው ዝቅ ያለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለ አንድ ማርሽ፣ የፊት ሞላው አጭርና ጠንካራ ነው። ቁመቱ ረዘም ላለና 20 ለጠበበው ደግሞ ባለ 24 አለ፤ በሁለቱ መካከል የሚገኝ ነው። እኛ በዞርንባቸው ሱቆች ግን ሁለቱንም አላገኘንም።

ይህች ባለ 20 ሳይክል የራሷ ታሪክ አላት። ቢኤምኤክስ የሚባለው ስፖርት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ነው። የሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም ያዩ ልጆች ሞተር መግዛት ባይችሉ፣ ባላቸው ትንሽ ሳይክል በአፈር ክምር ላይ መዝለል ጀመሩ። እሽቅድምድሙ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤይጂንግ ላይ ኦሎምፒክ ገባ። በሲሚንቶና በእንጨት ተዳፋት ላይ የሚደረገው ትርኢት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ተከተለ። የኛዎቹ ሰፈር ልጆች ይህን ሳያውቁ ያንኑ ጨዋታ እንደ አዲስ ፈጥረውታል።

ጋሼ ሳይክሉን ገለበጡት። ከመሪው ሥር፣ ቱቦዎቹ የተበየዱበትን ቦታ በጥፍራቸው ዳሰሱ። «ስንጥቅ የሚጀምረው እዚህ ነው። ቀለሙ ተጨማዶ ካየህ ተወው። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ሳይክልም አትግዛ፤ የሚደብቀው ነገር አለ።» የፔዳሉን ክንድ አሳዩኝ። ከግራ እስከ ቀኝ በአንድ ብረት ተጠማዞ የተሠራው በዝላይ ይጎብጣል፤ ከሦስት ክፍል የተገጠመው ይሻላል። የኋላ ጎማው ዘንግ 14 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለዝላይ የተሠራ ነው፤ 10 ከሆነ ለሰፈር መዞሪያ። ብረቱ ክሮምና ሞሊብዲነም ያለበት ቢሆን ስስ ሆኖም ይበረታል፤ ግን የተለጠፈውን ጽሑፍ ብቻ ማመን አይገባም፤ አንዳንዴ አንዱ ቱቦ ብቻ ነው እንደዚያ የሚሆነው። የኛው ዘንጉ 14፣ ክንዱ ባለ ሦስት ክፍል ሆኖ ተገኘ። የብየዳው ቦታም ንጹሕ ነው። በዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ተስማማን። በቀረው ገንዘብ መጀመሪያ የራስ ቆብ ገዛን፤ ከዚያ የኋላውን ፍሬን ሽቦ አስቀየርን።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የልጄ ጥያቄ ተመለሰብኝ። በ1977 ዓ.ም. ገደማ እኔም በሱ ዕድሜ ነበርኩ። ሳይክል የሚያከራዩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ለሩብ ሰዓት ሃያ አምስት ሳንቲም። አንድ ቀን የጎርፍ ቦይ ልዘል ብዬ ቸርኬውን እንደ ቆሎ ወንፊት አጣመምኩት። ሳይክሉን አጥራቸው ላይ አስደግፌ ሮጥኩ። ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ አላለፍኩም። ቤት ውስጥም ለማንም አልተናገርኩም፤ አባቴን ከሽማግሌው ይበልጥ እፈራቸው ነበር። ባለ ብዙ ማርሹን የፈለግሁት ለዳቦ መግዣ ብቻ እንዳልነበር ያን ሌሊት ገባኝ። የማይዘል ሳይክል ብገዛለት የማይሮጥ ልጅ የሚኖረኝ መስሎኝ ኖሯል።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄ ጉልበቱ ተፍቆ፣ አፈር ለብሶ፣ ሳይክሉን እየገፋ ገባ።

«አባዬ፣ የኋላው ቸርኬ ተጣሟል። ከትልቁ ክምር ዘልዬ ነው።»

እናቱ ከማድቤቱ በር ላይ ሆና አየችኝ። እኔ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ። የተቆጣሁ መስሎት አንገቱን ደፋ።

«ጉልበትህን ታጠብና እንሂድ» አልኩት።

ጋሼ ጎማውን አሽከርክረው አዩት። ጉዳቱ ብዙም አይደለም፤ ራጂዎቹ ላልተው ነው። በቁልፍ አንድ በአንድ እያጠበቁ፣ እየለቀቁ፣ ዙሩን አቃኑት። ልጄ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ያያል። ሲጨርሱ መቶ ብር ጠየቁኝ፤ ሦስት መቶ ሰጠኋቸው።

«ምነው? በዛ እኮ!»

«ግድ የለም፣ ጋሼ» አልኳቸው። «የቆየም ዕዳ አለበት።»