ስሙን አልጠራሁም

ስሙን አልጠራሁም። ስንት ዓመት ሙሉ ራሴን ያባበልኩት በዚህች ነው። «አንድ ወንድማችን ከበየዳ» አልኩ እንጂ ስሙንማ አልጠራሁም።

ደብዳቤው እጄ የገባው ኅዳር 1985 ነበር። ደርግ ከወደቀ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ነው፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ ከፊትም ከጀርባም ተጽፎበታል። በየዳ ውስጥ ከድል ይብዛ ወዲያ ተነሥቶ፣ በገበያተኛ ኪስ የመሸሃን ወንዝ ተሻግሮ፣ የቧሂትን አቀበት ወጥቶ ደባርቅ ፖስታ ቤት ገብቷል። ከዚያ ጎንደር፣ ከጎንደር አዲስ አበባ። ጸሐፊው ዲያቆን መሆኑን ከመናገሩ በፊት እጁ ተናግሮበታል፤ ንጉሡን «ሠ» ከእሳቱ «ሰ» የማያምታታ እጅ ነበር።

በአፈሳ ከገበያ ተወስዶ ወታደር መሆኑን ጻፈ። በ1982 ደብረ ታቦር አካባቢ በነበረው ውጊያ አንድ ሌሊት ተኩሶ ሰው ጣለ። ሲነጋ አስከሬኑን ገልብጦ ቢያየው የጎረቤት ደብር ልጅ ነው፤ አባቶቻቸው በአንድ ጽዋ ማኅበር የሚጠጡ። ለማንም ሳይተነፍስ ጦርነቱ አለቀና አገሩ ገባ። ደብሩ ደግሞ ዲያቆን አጥሮት ነበርና «ቀድስ» አሉት። ደም የነካ እጅ ይዞ መቅደስ እንዳይገባ እግዚአብሔርን ይፈራል፤ አልገባም እንዳይል ለምን ይሉታል። እንዳይናዘዝ ነፍስ አባቱ የሟቹ አጎት ናቸው። በዚያ አገር ደግሞ ደም ይመለሳል። «እናንተ ስለማታውቁኝ ለእናንተ ጻፍኩ» ይላል። መጨረሻው ላይ ከበታቹ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፦ «ስሜን በሬዲዮ እንዳትጠሩ፣ አደራ በእግዚአብሔር። ካነበባችሁትም በኋላ አቃጥሉት።»

እኔ በዚያን ጊዜ በአንድ የወንጌል ሬዲዮ ዝግጅት ክፍል ውስጥ ጽሑፍ አዘጋጅና አንባቢ ነበርኩ። ይህን ሥራ የወደድኩት በልጅነቴ ነው። አዲስ አበባ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ጣቢያ በ1955 ሲከፈት አባቴ ሬዲዮ ገዛ፤ በ1969 ደርግ ጣቢያውን ሲወርሰው ያ ሬዲዮ ለቤታችን ባዳ ሆነ። ከዚያ በኋላ የአማርኛው ስብከት ከሲሸልስ ደሴቶች በአጭር ሞገድ፣ እየራቀ እየቀረበ፣ ሲንሿሿ ይመጣ ጀመር። በሩ ተቆልፎ፣ ድምፁ ተቀንሶ፣ ጆሮ ተለጥፎበት ነበር የሚደመጠው። በ1983 ፍርሃቱ ሲነሣ ደብዳቤ በከረጢት መጣ። አድማጫችን ስንት እንደሆነ የምናውቅበት ሌላ መንገድ አልነበረንም፤ ስለዚህ ደብዳቤ እንቆጥር ነበር። በየወሩ ቁጥሩ በየክፍለ ሀገሩ ተለይቶ፣ ተደምሮ፣ ገንዘብ ለሚልኩልን ሰዎች ይጻፍ ነበር። እኔም ደብዳቤን እንደ ገብስ በቁና የምሰፍር ሰው ሆኜ ነበር።

ከሰሜን ተራራ ደግሞ አይመጣም ነበር። ስለዚህ ያን ወረቀት ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም። ደስታ ነው። ይህን መናገር ዛሬም ያቅተኛል። አንድ ሰው ነፍሱን አውጥቶ ፊቴ ሲያስቀምጥልኝ እኔ ልቤ ያለው «በየዳ ደርሰናል!» ነው።

ደርሰናል ማለቴ ራሱ ድንቁርና ነበር። ወንጌል በዚያ አገር ከእኔ አያት ቅድመ አያት በፊት ይቀደስበታል። በአገር ቋንቋ ይድረስ ከተባለም፣ አቡ ሩሚ የተባለው የጎጃም ሰው ካይሮ ተቀምጦ ወደ አማርኛ የመለሰው ወንጌል በ1820ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ታትሞ፣ ሳሙኤል ጎባት በ1830 ጎንደር ድረስ ይዞት ገብቷል። ጎባት ቢያንስ ከካህናቱ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ይጠይቅና ይጠየቅ ነበር። እኔ የምናገረው ከስፖንጅ ግድግዳ ጋር ነው፤ የሚሰማኝን ሰው ፊት አላይም፣ ከጎኑ ማን እንደተቀመጠም አላውቅም።

ደብዳቤውን ጥር ላይ በሬዲዮ አነበብኩት። ስሙን አወጣሁ። የደብሩን ስም አወጣሁ። «በየዳ» የሚለውን ግን ተውኩት፤ ያለ በየዳ ደብዳቤው ምን ዋጋ አለው? «ዲያቆን» የሚለውን ተውኩት፣ «ከጦር ግንባር የተመለሰ» የሚለውን ተውኩት፣ ደብረ ታቦርን ተውኩት፣ ነፍስ አባቱ የሟቹ አጎት መሆናቸውን ተውኩት። ሳነብ ድምፄ ተቆራረጠ፤ የቴክኒክ ሠራተኛው ከመስታወቱ ወዲያ ዓይኑን ሲጠርግ አይቻለሁ። ከዚያ መልስ ሰጠሁ። ወንድሜ ሆይ፣ ለቄስ መናዘዝ አያስፈልግህም፣ በቀጥታ ወደ ክርስቶስ ቅረብ አልኩ። ክርስቶስ ይቅር እንደሚል ዛሬም አምናለሁ። ያን ቀን ግን ቃሉን የተናገርኩት ለእርሱ አልነበረም። ቁስሉን ይዤ ከካህናት ጋር የምከራከርበት ማስረጃ አደረግኩት።

የሆነውን የሰማሁት በ1988 ነው። ስም የሌለው፣ የደባርቅ ማኅተም ያለበት አንድ ወረቀት፦ ያነበባችሁት ደብዳቤ ባለቤት አገሩን ጥሎ ሄዷል፣ እናቱ ብቻዋን ናት፣ ለወደፊቱ ተጠንቀቁ። ስድብ የለበትም። ስድብ ቢኖርበት መልስ አገኝለት ነበር።

ዝርዝሩን ኋላ ነው ያወቅሁት። በመንደሩ ሁለት ሬዲዮ ብቻ ነበር። የባትሪ ድንጋይ ውድ ስለነበር ሰው ተሰብስቦ ይሰማ ነበር፤ የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥተው እንደገና ይጠቀሙበት ነበር። ያን ማታ የተሰበሰቡት ጠላ ቤት ነው። ከበየዳ፣ ዲያቆን፣ ከግንባር የተመለሰ፤ ከዚህ በኋላ ስም ምን ያደርጋል? ዲያቆኑም እዚያው ከመካከላቸው ተቀምጦ ነበር። ሰው ሁሉ ዝም አለ፣ ማንም ወደ እርሱ ዞሮ አላየም ይላሉ። ተነሥቶ ወጣ፤ ሌሊቱን በጠለምት በኩል ወደ ሑመራ ወረደ። የእኛ መልስ፣ ከትንሽ መጽሐፍ ጋር፣ የድርጅቱ ስም በትልቁ በታተመበት ፖስታ ደባርቅ የደረሰው እርሱ ከሄደ በኋላ ነው። ለቤተሰቡ «ፀረ ማርያም» የሚለው ስም የተጨመረው ያን ጊዜ ነው።

ደብዳቤውን አላቃጠልኩትም ነበር። ከ«ምርጥ ደብዳቤዎች» ጋር አስቀምጬው፣ ለውጭ ሰዎች በሚላከው ሪፖርት ላይ ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ጽፌዋለሁ። የ1988ቱንም ወረቀት እዚያው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለአለቃዬ አልነገርኩም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ዘጠኝ ዓመት።

አሁን የምናገረው ወጣቶች ስለጠየቁኝ ነው። የሰሜኑን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በተፈረመበት በ2015፣ ስብከትና ምስክርነት በሚሞሪ ካርድ ቀድተው በፀሐይ በሚሠራ ማጫወቻ ለገጠር የሚያደርሱ ልጆች ምክር ፈልገው ቤቴ መጡ። በ2013 ነሐሴ መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ጭና ድረስ ዘልቆ ነበር፤ ደባርቅ በተፈናቃይ ተጨናንቃ ከርማለች። ልጆቹ ከተፈናቃዮቹ የቀዱትን አሰሙኝ። አንዲት ሴት የደረሰባትን ትናገራለች፤ ቀጥሎ አንድ ጎልማሳ ያደረገውን ይናገራል፣ ይቅርታ ይለምናል። «ስም አልጠራንም» አሉኝ። ያንኑ የእኔን ቃል! «ድምፁንስ የሚያውቅ የለም?» አልኳቸው። ዝም አሉ። እኔም ሌላ የምጨምረው ስላልነበረኝ የበየዳውን ነገርኳቸው።

ወደ እናቱ የሄድኩት በ1997 ነው። ከሴት ልጃቸው ጋር ደባርቅ ወርደው ነበር፤ ቤታቸውን ያሳየኝ የከተማው ሰው ማን መሆኔን አልጠየቀኝም። ገብቼ ማን እንደሆንኩ ስናገር ልጃቸው ተነሥታ ወጣች። እሳቸው ቁጭ እንዳሉ ናቸው። ሽማግሌ ገብቶ፣ በሬና መሬት ተከፍሎ፣ ደሙ ደርቋል አሉኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሟቹ አጎት፣ ነፍስ አባቱ ነበሩ። «ለእሳቸው ነግሯቸው ቢሆን እኮ፣ የወንድማቸውም ልጅ ቢሆን ከእሳቸው አፍ አትወጣም ነበር» አሉ። ንስሐ ያወጣ ቄስ ቄስ አይደለም። ይህን በቁጣ አይደለም የተናገሩት፤ የማያውቅን ሰው እንደሚያስተምሩ ነው። ለቄስ አትናዘዝ ብዬ በአየር ላይ የሰበክሁት እኔ ነኝ፣ የተነገረኝንም የበተንኩት እኔ ነኝ።

ወንድ ልጃቸው ከሑመራ ሁለት ጊዜ ሰው ልኮላቸው ነበር። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ወሬው ተቋረጠ።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም፤ እንዲሰጡኝም አልጠብቅም ነበር። ደብዳቤውን ከኪሴ አወጣሁ። ማንበብ ስለማይችሉ «አንብብልኝ» አሉ። ለሁለተኛ ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ አሁን ስሙን ሳልዘል። መጨረሻው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ምን ይላል?»

«ካነበባችሁት በኋላ አቃጥሉት ይላል፣ እናቴ።»

እሳቱ አጠገባችን ነበር፤ ቡና ተጥዶበታል። እጄን ወደዚያ ስዘረጋ ወረቀቱን ያዙት። ትንሽ እያገላበጡ በጣታቸው ፊደሉን ዳሰሱ።

«የእሱ እጅ ነው» አሉ፤ አራት አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት።